የአቶ ይርጋ ወንበር

ባጃጁ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሲቆም አቶ ይርጋ መውረድ አቃታቸው። ልጃቸው ማስተዋል ብብታቸውን ይዛ ስትታገል አንድ ወጣት ሮጦ ደገፋቸው። ቀና ብላ ብታየው ዋልልኝ ነው፤ ጉና ተራራ ሥር አብሯት የተማረ፣ ዛሬ የጤና ባለሙያ የሆነ።

«ጋሼ ይርጋ! ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው ያን ዳገት የሚወጡት እርስዎ አልነበሩም?»

«ያ ሌላ ይርጋ ነው» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «እኔ ወንበር ላይ የተተከልሁ ጉቶ ነኝ።»

ማስተዋል ከፋት። ከአረብ አገር እንደተመለሰች መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ጥሩ ወንበር ገዝታ ደጃፍ ላይ ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት። ዶማ ሲያነሱ እንኳ ትቀማቸዋለች። ዛሬ የመጡት የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነው።

«እኔ የሰው ወለል ስፈገፍግ የኖርሁት አባቴ እንዲያርፉ ነው» አለች።

«ማረፍና መቀመጥ ለየቅል ነው፣ ማስተዋል» አለ ዋልልኝ። «ጡንቻ ጎተራ ማለት ነው፤ ከምግባችን የሚገኘው ስኳር የሚከተተው እዚያ ነው። ሰው ሥራ ሲፈታ ጎተራው ይጠባል፤ የተረፈው ደም ውስጥ ይቀራል።»

«ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ጉልበት የት ይሄዳል?» አለች ማስተዋል።

«የአምናው ምርት ዘንድሮን ይቀልባል? ጉልበትም በየጊዜው ካልተዘራ ያልቃል።»

«ጎረቤትስ ‹አረብ አገር ደርሳ መጥታ አባቷን ታስቆፍራለች› ቢለኝ?»

«ነገ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው ያ ጎረቤት መጥቶ ያነሳልሻል?»

ዋልልኝ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ ሥራ ፈትቶ የከረመ በሬ ቀንበር ሲጭኑበት ምን ይሆናል?»

«ይተኛላ!»

«ታዲያ ያርዱታል?»

«ምን ሲደረግ! በለስላሳ መሬት ጥቂት በጥቂት አለማምደዋለሁ።»

«እርስዎም እንዲሁ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ፣ መጀመሪያ ከወንበሩ መነሳትና መቀመጥ፤ ቀጥሎ በእግር መንሸራሸር፤ ከዚያ የጓሮዋን ድንች መኮትኮት።»

«አባየ» አለች ማስተዋል ቀስ ብላ፣ «መቀመጡ ሰልችቶዎት ነበር?»

አቶ ይርጋ አቀረቀሩ። «ወንበሩን ብጠላ ድካምሽን የጠላሁ ይመስልብኛል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ማስተዋል ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ወላጅን መጦር እጅ እግሩን ማሰር አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች። ከዚያ ወዲያ ዶማውን መቀማት ትታ ራሷ ታቀብላቸው ጀመር።

ድንቹ ለመቆፈር ሲደርስ የአቶ ይርጋ ስኳር ረግቶ ነበር። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ቅዳሴውን መቋሚያ ላይ ሳይንጠለጠሉ ያስቀድሳሉ፤ ባጃጅ ላይም የሰው እጅ ሳይሹ ወጥተው ይወርዳሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ውቢት በአጥሩ ብቅ አለች። «ማስተዋል! አባትሽን ማስቆፈር ጀመርሽ?»

ማስተዋል አፏን ሳትከፍት አቶ ይርጋ ድንች የሞላ ቅርጫት ይዘው ከትልሙ ቀና አሉ።

«ውቢት፣ ደክሞሽ እንደሆነ ግቢና ተቀመጪ። ወንበሩ ባዶ ነው።»