ሰነዶቹ ይጠበቁ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ጡረታ ለሚወጣ አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ብላችሁ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ወንበር ስላመላለሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ማይክሮፎኑ የተሰጠኝ ለአምስት ደቂቃ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ነገር ፋይል ሲያደርግ ለኖረ ሰው አምስት ደቂቃ ምን ትሆነዋለች? አትቸኩሉ፣ ምሳው የትም አይሄድም።

ስለ አምናው ምርመራ ላውራ። አዲስ ለገባችሁ፣ ድርጅታችን ሊፍት ይገጥማል፣ ይጠግናል። አምና የገጠምነው አንድ ሊፍት ሦስት የምክር ቤት አባላትን ይዞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመ። ከሰው ሁሉ መርጦ! እንደወጡ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙብን።

ደብዳቤያቸው አጭር ነበር፦ «ጉዳዩን የሚመለከቱ ሰነዶች በሙሉ ይጠበቁ።» አንዲት ቃል ናት፤ ምን ታስቸግራለች?

የእንግዳ መቀበያዋ እህታችን ሁለት ቀን በር በሩን ስታይ ዋለች። «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ስላት፣ «ሰነዶቹን ነዋ! ይጠበቁ ተብሏል፤ እስካሁን ግን ብቅ አላሉም» አለችኝ። ቴክኒክ ክፍሎች ደግሞ፣ ከብሎን ሌላ የሚያውቁት የለም፣ «ይጥበቁ» ብለው አንብበው ፋይሎቼን በሽቦ ጠፍረው በፒንሳ አጠበቋቸው። ጥበቃ ክፍልስ? ትእዛዙ የተጻፈው ለእሱ እንደሆነ አንዳች አልተጠራጠረም። ጋሽ ቆይ፣ የሚያልፈውን ሁሉ «ቆይ!» ስለሚሉ ስሙን ያወጣንላቸው ዘበኛችን፣ ዱላቸውን ይዘው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ተተከሉ።

«ጋሽ ቆይ፣ እኔ እኮ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነኝ» ብላቸው፣

«አጣሁህ እንዴ ወዳጄ! ግን ሰነዶቹ ከማን እንደሚጠበቁ ደብዳቤው አይናገርም» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሠራሁ።

የሕግ ክፍል ኃላፊያችን በበኩሉ (ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ አትጽፍብኝም) መልስ ያለማምደን ጀመር። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን «አላስታውስም» እንላለን። ቀስ ብሎ፣ ጣራ እያዩ፣ ትንሽ አዘን ብሎ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ቤቴም ገባ። ባለቤቴ «ጨው በዛበት እንዴ?» ስትለኝ «በዚህ ጉዳይ ላይ በቂ መረጃ የለኝም» ብላት ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው።

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን የማያስቀው ይመጣል።

ሊፍቱ ከመቆሙ በፊት መካኒካችን ሦስት ጊዜ ጽፎ ነበር፤ «ፍሬኑ አልቋል፣ ይቀየር» ብሎ። ሦስቱንም ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ማህተም መትቼ፣ ለአለቆች መርቼ፣ መልስ ሲጠፋ ፋይል ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ድርጅቱ ለኮሚቴው ሊናገር የተዘጋጀው ግን «መካኒኩ አላሳወቀንም» የሚል ነው። ይህ ማለት ሰውየው ከሥራው ይባረራል፣ ይከሰሳልም። ሕግ ክፍሉ ደብዳቤዎቹን «ሊያስተካክል» መዝገብ ቤት ቢሄድ ጋሽ ቆይ መለሱት። «ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያዘዙት!» ቢላቸው፣ «ይዘዙ፤ እኔን ያዘዘኝ ምክር ቤት ነው» አሉት።

ቅድም መድረክ መሪው «በኮሚቴው ፊት ለእውነት የቆመ» ብሎኝ አጨበጨባችሁ። ጭብጨባው የእኔ አይደለም። ሰብሳቢው «የመካኒኩ ደብዳቤ ደርሶዎት ነበር?» አሉኝ። መካኒኩ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ ጣራውን አየሁ። «አላስታውስም» አልኩ።

በደንብ ነው ያልኩት።

ኮሚቴው በዚያው ጠዋት ስልክ ደውሎ ፋይሉ ይምጣ ብሎ ኖሯል። ጋሽ ቆይ ለሾፌር አልሰጥም ብለው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ፋይሉን እንደ ሕፃን አቅፈው ከተፍ አሉ። በሽቦ ስለታሰረ የሚከፍተው ጠፋ። ከኪሱ ፒንሳ አውጥቶ የፈታው መካኒኩ ራሱ ነው። ሦስቱም ደብዳቤዎች ከነማህተሜ፣ ከነፊርማዬ ወጡ። መካኒኩ በሥራው ቀጠለ። እናንተም ኮሚቴው ፊት ስላልነበራችሁ፣ ማህተሜን ብቻ አይታችሁ ጋሽ ቆይን የላክኋቸው እኔ መሰልኳችሁ። ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ አፍሬ ዝም አልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን «ሌላ ምርመራ ቢመጣ እንዴት እንዘጋጅ? ለተተኪህ ምከር» ብለውኛል። ክቡርነትዎ፣ ደብዳቤው የመጣ ቀን መዘጋጀት የጀመረ አርፍዷል። ዝግጅቱ መካኒኩ ሲጽፍ ማንበብ ነው። ከዚያ ወዲያ ወረቀት አለመነካካት፣ የማያውቁትን አለመቀባጠር፣ የሚያውቁትን ደግሞ ጣራ እያዩ አለመርሳት። ሌላው የጠበቆች ሥራ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጥከው። ያን ቀን እያስታወስኩ ነው የካድኩህ። አንተ ግን ጠዋት ጠዋት ሰላምታህን አላስቀረህብኝም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ይቅር በለኝ።

ትናንት፣ በመጨረሻው የሥራ ቀኔ፣ መካኒኩ ሌላ ደብዳቤ አምጥቶልኛል። ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። የዚሁ የእኛ ሕንፃ ሊፍት ፍሬን አልቋል ይላል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ አልመራውም፣ ፋይልም አላደርገውም። ሰው ሁሉ እያየ በእጅዎ ይቀበሉኝ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ቀኑንም ይጻፉበት... አመሰግናለሁ።

በሉ ባልደረቦቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የጻፋችሁት ይነበብላችሁ። ልጆቻችሁ ከእናንተ የሚበልጡ፣ አለቆቻችሁ የሚሰሙ ይሁኑ። ተተኪዬን ደግሞ ከእኔ የበረታ ያድርግላችሁ።

ምሳችሁን በሰላም ብሉ። ስትጨርሱ፣ እባካችሁ፣ ሁላችሁም በደረጃ ውረዱ።