የገንዳው ተራ እስኪደርስ

ከሮማናት ወደ ዓይናለም በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ጠባብ አግዳሚ ወንበር ጭኑ ላይ አጋድሞ ይዟል። አጠገቡ ባዶ ጀሪካን የያዙ፣ አነጋገራቸው የወሎ የሆነ እናት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የዋና መለማመጃ ነው፣ አደይ። በደረት ተኝቶ ይህን እግሩ ላይ የታሰረ የጎማ ካላማዳሪያ በሁለት እጅ መሳብ ነው። የማሠለጥናቸውን ልጆች ትከሻ እንዳያሳምም ብዬ ጠበብ አድርጌ ሠራሁት።»

«ውሃውስ?»

«ውሃ በፈረቃ አይደል? የመዋኛ ገንዳችን ተራ ገና አልደረሰም።»

«እና ልጆቹ ዋኝተው አያውቁም?»

«ኧረ በደንብ ይዋኛሉ! ውሃ ውስጥ ነው እንጂ ያልሞከሩት።»

«ያ አላህ!»

«ቅዳሜ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ላይ ውድድር አለን። የኔም ልጅ አለችበት።»

«ጥልቅ ውሃ አትፈራም?»

«ምኑን ትፈራዋለች? አይታው አታውቅ!»

ሴትዮዋ የጀሪካናቸውን ክዳን አጥብቀው ጀሪካኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጡለት።

«እንካ፣ ወገቧ ላይ እሰርላት።»

«ደንቡ አይፈቅድም እኮ፣ አደይ።»

«ደንቡን ያወጣው ሰውዬ ልጁን ወንበር ላይ ነው ዋና ያስተማረው?»

«እሺ፣ እርስዎስ በምን ሊቀዱ ነው?»

«ስትመለስ ራሷ ታመጣልኛለች፣ ኢንሻአላህ።»

መውረጃዬን ካለፍን ቆይተናል፤ እኔ ግን «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።