ሎላ ኢሲያ እስኪፈቅዱ

የባለቤቴ አባት ቤን ከሞቱ አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

ልጄ አምስት ወሯ ነው፤ አያቷን አታስታውሳቸውም። ትናንት ጋሽ አምሳሉ ሊጠይቁን ኢስት ዮርክ መጡ። እሳቸውና ቤን ዳንፎርዝ አጠገብ በነበረ ፎቶ ማጠቢያ ቤት ብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ልጄ ስታድግ እንድትሰማው ስለሳቸው ይንገሩኝ» አልኳቸው። የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፍኩት።

እየቀዳ ነው? እሺ። እንግዲህ ልጄ፣ እኛ ለሥራ በደረስንበት ጊዜ ፎቶ የሚታጠብ ነገር ነበር። አሁን ስልካችሁን ታወጣላችሁ፣ ጠቅ፣ አለቀ። ያኔ ጨለማ ክፍል ገብተህ፣ ቀይዋን አምፖል አብርተህ፣ ወረቀቱን መድኃኒት ውስጥ ነክረህ፣ የሰውዬው ፊት ቀስ እያለ ብቅ እስኪል ትጠብቃለህ። እና እኔና ቤን የተዋወቅነው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። መልኩን በደንብ ሳላውቅ ፉጨቱን ነው ያወቅኩት። ሲሠራ ያፏጫል፤ ወረቀቱ ላይ ፊት ብቅ ሲል ፉጨቱን ያቆማል። ለማያውቀው ሰው ፊት! «ምነው ዝም አልክ?» ስለው፣ «እንግዳ ገባ፣ ኩያ» ይለኛል። ኩያ በነሱ ቋንቋ ጋሼ እንደማለት ነው። በሁለት ዓመት ስለምበልጠው እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ታዲያ ሌላው ሠራተኛ ቫኬሽን ሲወጣ ባሕር ዳር ተጋድሞ፣ ወፍሮ ይመለሳል። ቤን ግን ፊሊፒንስ ሄዶ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ የጫማው ሶል አልቆ ነው የሚመጣው። ቦሆል ይባላል ክፍለ ሀገሩ፣ ደሴት ነው። ያንን ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ ሊያነሳው! ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን የጥንት ቤተ ክርስቲያኖች፣ እንደ ጤፍ ክምር የተደረደረውን ኮረብታ፣ ደወል ደዋዩን፣ ጀልባ ጠራቢውን፣ በሸክላ ድስት ጨው የሚጋግሩትን። እና ከፎቶው ጀርባ የሰውዬውን ስም ይጽፋል፣ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ የእናቱን ስም ይጽፋል። «የእናቱ ስም ምን ያደርግልሃል?» እለዋለሁ። «ፊቱ ግማሹ የሷ አይደል እንዴ?» ይለኛል።

ታዲያ ፎቶ ሳያነሳቸው የቀሩ አንድ ሰው ነበሩ። ሎላ ኢሲያ። ሎላ ማለት አያት ማለት ነው። እኚህ ሴትዮ ሸማኔ ናቸው፣ ግን ጥጥ አይደለም የሚሸምኑት፣ ቅጠል ነው! እኛ ሰሌን የምንሠራበት ዓይነት ቅጠል የለም? እሱን እንደ ፀጉር አቅጥነው ይሰነጥቁትና ጫፍ ለጫፍ እየቋጠሩ ረጅም ክር ያደርጉታል፣ ከዚያ ይሸምኑታል። በዚያ መንደር እሳቸው የሚያውቁትን ጥለት የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። እና ቤን ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመናቸው፣ ሁለት ጊዜ መለሱት። መጀመሪያ፣ «ቤተ ክርስቲያኑን አንሳ፣ እሱ አይንቀሳቀስም፣ ሥራም የለው» አሉት። ሁለተኛ ሲሄድ፣ «ዘንድሮ ከስቻለሁ፣ ስወፍር ና» አሉት። እሱ ይህን ሲነግረኝ ይስቃል! እኔ ብሆን ተቆጥቼ እቀር ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ኮል አደረገች። «ሎላ እሺ ብለዋል፤ ግን ሳላቸው በርትቷልና ቶሎ ና» አለች። ቤን ሥራ ቦታ መጣና፣ «ኩያ፣ አሁን ካልሆነ አይሆንም። አንተም ና፣ የካሜራውን መቆሚያ ትይዝልኛለህ» አለኝ። እና ሄድኩ! ስልሳ ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ቀርቶኛል፣ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ ከዚያ ባጃጅ። እዚያም ባጃጅ አለ፣ ታውቃለህ?

አምስት ቀን ዘነበ። ዘነበ ብልህ፣ ሰማዩ ተቀደደ። በስድስተኛው ቀን ጠራ፤ በማግሥቱ መርከብ አለን። ቤን ማለዳ ተነስቶ፣ «ዛሬ ሁለት ነገር አለን፤ ጠዋት ሎላ ኢሲያ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ» አለ። ያንን የማታ ብርሃን ስንት ዓመት ተመኝቶታል መሰለህ፣ በሄደ ቁጥር ደመና ነው።

ታዲያ ግቢያቸው ደረስን። አሮጊቷ የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ያደርጋሉ። የልጅ ልጃቸው ግሬስ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ቀልጠፍ ብላ መጣችና እጄን ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ወደ ግንባሯ ልትወስደው። እኔ ምን አደረግኩ? አንተ ምን ታደርግ ነበር? «ኧረ ተይ ልጄ! አይገባም!» ብዬ እጄን ደረቴ ላይ ሰበሰብኩት!

እንደሷ እጄን ሊይዙ ከኋላዋ የተሰለፉት ሴት ልጆች ወደ ኋላ አሉ። ግሬስ ፊቷ ቀላ። አሮጊቷ መወርወሪያውን አስቀመጡ፣ በጨርቅ ሸፈኑት፣ ተነሱ፣ ቤት ገቡ፣ በሩ ተዘጋ።

«ኩያ፣ ምን አደረግክ?» አለ ቤን።

«ምን አደረግኩ?»

«ምርቃት ከለከልካት! እኛ ዘንድ የታላቅ ሰው እጅ ግንባር ሲነካ ምርቃት ነው።»

«እኔ? እኔ ትሕትና ነው ያደረግኩት! በኛ አገር እጅህን ሊስሙህ ሲመጡ ትሰበስባለህ፣ ተው ትላለህ። ዝም ብሎ የሚዘረጋ ኩራተኛ ነው።»

«በኛ አገር የሚሰበስበው ነው ኩራተኛው» አለኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፣ እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ፎቶ በእኔ እጅ ሄደ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ልጄ፣ አልተቆጣም። ሄዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና በተዘጋው በር ማውራት ጀመረ። አንድ ሰዓት! ቋንቋውን አልሰማም፣ «ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ» ሲል ብቻ እሰማለሁ። ጭራሽ እኔን ሆኖ ይጫወታል፣ እጁን ደረቱ ላይ እየሰበሰበ፣ ዓይኑን እያፈጠጠ፣ በተዘጋ በር ፊት! ማን ያየዋል? ግሬስ አየችውና አፏን ያዘች።

በመጨረሻ ከውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ። ቤን ዞሮ፣ «በሱ አገርስ ታላቅ ሰው እንዴት ነው ሰላም የሚባለው እያሉ ነው» አለኝ።

«ጉልበት ይሳማል» አልኩ።

«እንግዲያው አሳያቸው።»

በሩ ተከፈተ። ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ዳኛ። ታዲያ አንተ ታውቃለህ፣ እኛ ዘንድ ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ታላቁ ሰው ትከሻህን ይዞ «በሞቴ፣ ተው» ይልሃል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለህ። እኔም እሱን ተማምኜ ነው የወረድኩት! እና ማን ይያዘኝ? ወረድኩ። ጠበቅኩ። ወረድኩ። እነሱ ዘንድ መከልከል የለማ! ጉልበታቸው ድረስ ደረስኩ፣ ሳምኩ። ቀና ልበል ስል ወገቤ እምቢ አለ። ያን ጊዜ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑና መመረቅ ጀመሩ። ረጅም ምርቃት!

«ቤን! ንገራቸው፣ ይልቀቁኝ!»

«አልጨረሱም፣ ኩያ።»

«ወገቤ ተያዘ እኮ!»

«አሁን ወደ ልጆችህ ገብተዋል፣ ታገስ።»

እና አሮጊቷ ሳቁ። አንድም ጥርስ የላቸውም፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እያሳሉ ሳቁ። ግሬስና እነዚያ ልጆች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። ከዚያማ እጄን ዘረጋሁ፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ተሰልፎ ግንባሩን አስነካ፤ ጳጳስ መሰልኩ!

«ጋሼ፣ ሲስቁ ፎቶ አነሷቸው?» ብዬ ጋሽ አምሳሉን አቋረጥኳቸው።

ቆይ እንጂ፣ እሱን ልነግርህ ነው። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። እኔ፣ «አንሳቸው! አንሳቸው!» እላለሁ። አላነሳም። ቆሞ አብሮ ይስቃል። በኋላ ስጠይቀው፣ «አንሳኝ አላሉኝም ነበር» አለኝ። ይህን የሚል ሰው አይተሃል? እኔ አላየሁም። እኛ ያን ጊዜ በቀን ስንት ሰው ፊት አጥበናል፣ ማን አስፈቅዶ? ታዲያ አሮጊቷ ሲበቃቸው ሄዱና ዕቃቸው ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን ገለጡ። ፀጉራቸውን በምራቃቸው አበሱ። መወርወሪያውን ያዙ። «አሁን» አሉት።

ጠቅ። አንዴ። «ድገም እንጂ!» አልኩት። «አንድ ነው የፈቀዱት» አለኝ። ያቺ ሳሎናችሁ ያለችው ፎቶ እሷ ናት።

(ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ አልፌያለሁ። ማን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም።)

ከዚያ እንደ ልማዱ ስማቸውን ጠየቀ፣ የአባታቸውን ጠየቀ፣ የእናታቸውን ጠየቀ። እናታቸው ጋ ሲደርስ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ኋላ ቀስ ብለው ተናገሩት። ቤን ሁለቴ አስደግሞ ጻፈው።

ታዲያ አልቋል ብዬ መቆሚያውን አጠፍኩ። አሮጊቷ ግን፣ «ጠዋቴን በላችሁት! ለነገ የሚሸመነው ክሬ አልተቋጠረም» አሉ። ክር የምትቋጥርላቸው ግሬስ ሥራ ገብታለች። ያንን የቅጠል እሥር አንስተው ቤን ጭን ላይ ጣሉት። እሱም ጫማውን አወለቀና መሬት ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ መቋጠር ጀመረ፣ ጫፍ ለጫፍ። ሲቋጥር ቋጠሮው ይላላል። አሮጊቷ ሳያዩት በጣታቸው ብቻ ዳብሰው ይፈቱታል፣ ይመልሱለታል። ይቋጥራል፣ ይፈቱታል። ይቋጥራል፣ ይፈቱታል።

ቀኑ ሄደ። ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ ደመና የለም፣ ምንም የለም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ከዛፎቹ በላይ ማር መሰለ። «ቤን! ብርሃኑ! ነገ እኮ መርከብ አለን! ስንት ዓመት ስትመኘው!» አልኩት። ቀና ብሎ አየው። «አየሁት፣ ያምራል» አለና ወደ ቅጠሉ ተመለሰ።

ግንቡ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። «በል ተነስ፣ የሚወስደን ባጃጅ እናጣለን» አልኩት።

«ቆይ ኩያ፣ ይቺን አንድ» አለኝ። አንድ ቋጠረና ሰጣቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት።

ቋጠሮው ጠበቀ።