ለአባቱ ጉልበት ሲባል ዝቅ ያለችው መኪና

እንዴት አደሩ ጋሼ? አይነሱ፣ አይነሱ፤ እዚያው ጎማዎ ላይ ይቀመጡ። እኔም ይቺን ባልዲ ገልብጬ እቀመጥባታለሁ። ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? ያ የሰጡዎት ቅባት ሠራ? ደግ ነው። የጣራውን ቆርቆሮም ያሳደሱት መሰለኝ፤ ባለፈው ዝናብ አናትዎ ላይ ሲያንጠባጥብ አይቼ አዝኜ ነበር። ድመቷ ደግሞ እዚያ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው የወለደችው? አዬ፣ እሷም ሙያ ለመደች።

እኔማ ምን እሆናለሁ። መጋረጃ ሰፊ ምን ይሆናል፣ ቁጭ ብሎ ከመርፌ ጋር መፋጠጥ ነው። ዛሬ የመጣሁት ለዚህች የእጅ ጋሪ ነው፤ ጎማዋ ፈንድቶ። ምን ታድርግ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ስትጭን ኖራ ሰሞኑን የመኪና ሥራ ሲደረብባት ጊዜ ትንፋሿ ወጣ። ግቢያችን ውስጥ መኪና የለም ወይ? አለ እንጂ። አለ፣ ግን ሰሞኑን ጭነት አይወድም። ሙሽራ ዕቃ ይሸከማል እንዴ?

ቀስ ብለው ይፍቱት፣ አልቸኩልም… እዚያ ማዶ ከመኪና ሥር የወጡት እግሮች የማን ናቸው? አይ፣ ይተዉት፣ አይንገሩኝ። የሱሪው ጠርዝ የታጠፈው በእኔ ስፌት ይመስላል። ግን ቡናማ ክር በየሱቁ ሞልቷል፤ ሰው በሱሪ ጠርዝ አይታወቅም። ሥራውን ይሥራበት። እኔ የማወራልዎት ስለ ሌላ ሰው ነው። ሰው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ የሚሉት ተረት አለ አይደል? እኔ አልወደውም። ሰው ሲያሙ እግርን ዘርግቶ መተኛት ነው የሚሻለው።

አንድ የማውቀው ሰው አለ ጋሼ። እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት… ለአባቱ የሚያስብ። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል? ሌላው ልጅ ለአባቱ ምርኩዝ ይገዛል፣ ክንዳቸውን ደግፎ መኪና ላይ ያወጣል፣ ከዚያ በቃኝ ይላል። ይህ ግን አባቱን ወደ መኪናዋ ማውጣት ትቶ መኪናዋን ወደ አባቱ አወረዳት። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለእኔና ለእርስዎ ይመጣልናል? አይመጣልንም። እኛ የድሮ ሰዎች ነን።

አባትየው በደህናው ጊዜ ሹፌር ነበሩ። መኪናዋም የሳቸው ናት፤ ትንሽ፣ አሮጌ ፒካፕ፣ ከፊት ሁለት ሰው፣ በጭንቅ ሦስት፣ ከኋላ ደግሞ የሰጧትን ሁሉ የምትችል። ልጆቻቸውን በእሷ ነው ያሳደጉ። አሁን ጉልበታቸው እንቢ ቢላቸው ልጁ መሪውን ተረከበ። በየሳምንቱ ሐሙስ ጉልበታቸውን ወደሚያሹበትና ወደሚያፍታቱበት ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል… ይወስዳቸው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከእህቱ ሜትር ተዋሰ። እህት አለችው አሉ፤ እሷም እንደኔው መጋረጃ ትሰፋለች። ምላሷ ግን እንደ እኔ አጭር አይደለም ይላሉ፣ እግዜር ይሁናት። ሜትሩን ይዞ አባቱን መኪናዋ በር አጠገብ አቆመና እግራቸውን እስከ የት ማንሳት እንደሚችሉ ለካ። አነሱለት። ከዚያ ከመሬት እስከ መኪናዋ ደፍ ለካ። «አየሽ» አላት እህቱን፣ «አባባ እስከዚህ ነው የሚያነሱት፣ ደፉ ደግሞ እዚህ ነው፤ ልዩነቱን ብቻ ማውረድ ነው።» እህቲቱ በደስታ እንባ አወጣች አሉ። እኔም ብሆን አወጣ ነበር። ቤቱን ሁሉ የሞላው ደስታ የውሸት አልነበረም፣ እሱን ልመስክር።

መቼም ያሰበው ለአባቱ ጉልበት ብቻ ነው። ያ ከሥራ መልስ ተደፍቶ የሚያየው ቪዲዮ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ መኪኖች እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ተነጥፈው የሚሄዱበት፣ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ሰው ቪዲዮ አያይም? ከመኝታው በላይ የለጠፈው ፎቶስ? እሱም ለግድግዳው ስንጥቅ መሸፈኛ ነው። ምቀኛ ነው እንጂ እነዚህን ነገሮች ከአባት ፍቅር ጋር የሚያገናኝ፣ ደግ ሰው አያገናኝም።

ጓደኞቹም አወቅህ አወቅህ አሉት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እሱም አወቅህ ቢሉት የአባቱን መኪና አሳጠረ። ከፊት ብሎኑን አላላ፣ ከኋላ ደግሞ ከባሌስትራው ላይ ሁለት ንጣፍ ብረት መዘዘ። ሸክሙን የሚይዘው እኮ እሱ ነው ብለው እርስዎ ነግረውት ነበር አሉ… አልነገሩትም? እንግዲያው ሌላ ጎሚስታ ይሆናል። ደግሞም ማን ሊጭን ነው? እህቲቱ ጋሪ አላት።

ማማሯን ግን አልክድም ጋሼ። ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብተው ከሩቅ ሲያዩዋት ጋደም ያለች ነው የምትመስለው። ዕድሜ ልኳን ቀና ብላ የኖረች መኪና በስተርጅናዋ ትሕትና ተማረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የሱ መኪና ደግሞ ቀስ በቀስ በሆዷ መሄድ ጀመረች። ታዲያ ምን ነውር አለው? እባብስ በሆዱ አይደል የሚሄደው፣ ማን ሳቀበት?

የመጀመሪያ ቀን አባትየው ዘፍ ብለው ገቡላት። ደስ አላቸው፤ «ልጅ ማለት ይሄ ነው» አሉ። መውጣት ሲመጣ ግን… ያ መግቢያውን በሜትር የለካ ልጅ መውጫውን አልለካም። ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት የሚቀለው ለማን ነው? ጉልበት ላለው። እሳቸው በአንድ እጅ በሩን፣ በሌላው ጣራውን ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲነሱ ልጃቸው የት ነበር እንዳይሉኝ፤ አጠገባቸው ነበር። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ መስታወት ውስጥ መኪናዋ ከጎን ስትታይ እንዴት እንደምታምር እያየ ነበር። ሰው የእጁን ሥራ ማየት አለበት፣ አለዚያ እንዴት ይሻሻላል?

ጓደኞቹ ፎቶ ሊያነሷት በመጡ ዕለትም «አባባ፣ ለትንሽ ጊዜ ይውረዱልን፣ እርስዎ ሲቀመጡባት ወደ ቀኝ ታዘነብላለች» አላቸው። እሳቸውም ወረዱለት። አጥር ተደግፈው የገዛ መኪናቸው ፎቶ ስትነሳ ቆመው ጠበቁ፤ ፈገግ ብለው ነበር፣ እሱን አይቻለሁ… አሉ ማለቴ ነው፣ ያየ ሰው ነገረኝ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ጨዋታው ሐሙስ ነው ያለው። ከቤት እስከ ሐኪም ቤቱ መንገዱ ላይ ጉብታ አለ፤ እነዚያ መኪና እንዳይበር አስፋልቱ ላይ የሚሠሩት። የሠራቸው ሰው ስለ ሽማግሌ ጉልበት አላሰበም፤ ጥፋቱ የሱ ነው። መኪናዋ መጀመሪያው ላይ ስትደርስ ሆዷ ጉብታው ላይ ቁጭ አለ፤ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ከአስፋልቱ ጋር ሲፋጭ ጥርስ ያስነክሳል። ልጁ ወረደ፣ ተንበርክኮ ከሥር አየ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባባ፣ እርስዎ ቢወርዱ ትቀልላለች፣ ታልፋለች።»

አይሳቁ ጋሼ፣ እውነቴን ነው። የአባቱ ጉልበት እንዳይደክም ዝቅ ያለች መኪና እንድታልፍ አባቱ በእግራቸው መሄድ ነበረባቸው። ከኋላ ጥቅል ጨርቅ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴትም ነበረች አሉ፤ እሷም ጥቅሏን ታቅፋ ወረደች። እሳቸው በምርኩዛቸው ከፊት፣ ሴትዮዋ ከመሐል፣ መኪናዋ ደግሞ ከኋላ እየዳኸች ጉብታውን ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ገቡ፤ ሌላው ጉብታ ላይ እንደገና ወረዱ። አንድ መንገደኛ ቀብር መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ቆመላቸው። ልጁ ምስጋና ይግባውና፣ ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሰላም አለው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የምታሻቸው ልጅ ጉልበታቸውን ነክታ «ምነው ዛሬ እንዲህ አበጠ?» ብትላቸው «ምንም አይደል፣ ልጄ በመኪና አምጥቶኝ ነው» አሏት። ሙገሳ እኮ ነው። እንዲያ ነው የተናገሩት፣ ደረታቸውን ነፍተው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ መኪናዋን አጥቦ፣ አሙቆ፣ በር ላይ ሲጠብቅ አባትየው «ዛሬ ደህና ነኝ፣ አልሄድም» አሉ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሐሙስም ደህና ነኝ አሉ። እስከ ዛሬም ሐሙስ በመጣ ቁጥር ደህና ናቸው። ልጁ እንዴት ደስ እንዳለው… «አየሽ፣ ለውጥ አለ» አላት እህቱን። እውነቱን ነው፣ ለውጥማ አለ። ድሮ እስከ ውጭ በር ድረስ ይራመዱ ነበር፤ አሁን ከአልጋ እስከ መስኮት ግድግዳ ይዘው ነው።

ትናንት አባባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው… አባትየው ማለቴ ነው፣ ምላሴ ነው። አባትየው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው መኪናቸውን ሲያዩ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። እንደ ጎረቤት ማለት ነው፣ ጎረቤት ሻይ ይወስዳል። አንጀቴን በሉት ጋሼ። «በእሷ ስንት አገር አዳረስኩ፣ ዛሬ ከእሷ መውረድ ሞት ሆነብኝ» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ እጄን ያዝ አድርገው «አደራ፣ እንዳትነግሪው፤ ልጁ ለእኔ ብሎ ነው የደከመ፣ ይከፋዋል» አሉ። እግራቸው ላያቸው ላይ ሊሰንፍ ነው፣ እሳቸው የሚጨነቁት ለማን እንደሆነ ይመልከቱ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለቅሰኝ አደረ።

ታዲያ ነግሬዋለሁ? ምን በወጣኝ። የአባት አደራ አይበላም። ለእርስዎ ነው የማወራው።

… የብሎን መፍቻው ኳኳታ ቆመ አይደል? እዚያ ማዶ። ይደክማል፣ በጀርባ ተኝቶ መሥራት ከባድ ነው። ያ የማወራልዎት ሰውም ዛሬ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ሌላ ሁለት ጣት ሊያወርዳት ነው አሉ። አልበቃችውም። እኔ ሐሳቡ ገብቶኛል፦ አባትየው ወደ መሬት በቀረቡ ቁጥር እሷም አብራቸው ትውረድ ነው። እንዲህ አብሮ መውረድ ታላቅ ፍቅር ነው።

ጎማውን ምን እንዳፈነዳው ነው? ብረት ነዋ፤ ያው እዚያ ጋሪዋ ላይ ጨርቅ የለበሰው። ሁለት ቆልመም ያለ ብረት ነው፣ የመኪና ባሌስትራ ንጣፍ ይመስላል፤ እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ሙያ መጋረጃ። ደጃችን ላይ ተጋድመው ስገባ ስወጣ አውራ ጣቴን ሲመቱኝ ከረሙ። የሚፈልጋቸው ሰው አይጠፋም ብዬ ይዣቸው መጣሁ። እዚያ እግሮቹ አጠገብ ላስቀምጣቸው… ማንንም አያውኩም አይደል? ቀስ ብዬ ነው የማስቀምጣቸው። ይኸው። እግሮቹም ሰብሰብ አሉ፣ ቦታ ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ፤ ጨዋ እግሮች ናቸው።

አለቀ? እጅዎ ይባረክ። እስኪ ትንሽ ጠንከር አድርገው ይንፉልኝ። ነገ ሐሙስ ነው፤ ከጨርቅ ሌላ ነገር ልጭንባት እችላለሁ። ብርድ ልብስ ካነጠፉባት ለመቀመጫ ትሆናለች፣ ደግሞም ጉብታ ላይ ማንንም አታስወርድም። ሰው ይስቅ እንደሆን ይሳቅ። ከነገ በፊት ሌላ መላ የሚያመጣ ሰው ካለ ግን እኔ ጋሪዬን ለጨርቄ ብቻ ባደርጋት ደስታዬ ነው።

በሉ ልሂድ፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ሐሜተኛ እንዳይሉኝ ደግሞ ያን ልጅ ሳልመርቀው አልሄድም፤ ሰውን አንስቶ ሳይመርቁ መሄድ ደግ አይደለም። እርስዎም አሜን ይበሉልኝ። ፈጣሪ ረዥም ዕድሜ ይስጠው፤ የአባቱ ዕድሜ ላይ ይድረስ። መልኩም ልቡም ቁርጥ እሱን የሆነ ወንድ ልጅ ይስጠው። ጉልበቱ የከዳው ቀን ደግሞ ያ ልጅ፣ እሱ ዛሬ ለአባቱ እንዳሰበው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ልክ እንደዚሁ ያስብለት።