ስሙን ሲጠይቁት

— ሄሎ?... አዎ፣ የፕራተር ቤት ነው... ጆሊን ነኝ። ማን ልበል?... አሰልጣኝ ሂዩዝ... ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም። የየትኛው ቡድን?...

— የኮሌጅ ቤዝቦል። አዎ፣ ከተማውን አውቀዋለሁ፤ ከኛ እርሻ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ምን ልርዳዎት?...

— ማን?

— ቨርን፣ ቴሌቪዥኑን ዝጋው... ዝጋው አልኩህ!

— እስቲ ይድገሙልኝ... ሮስ። ሮስ ፕራተር... ልጄ ተመታ?... ጌታዬ፣ ተሳስተዋል። የኔ ሮስ እኮ ከሞተ... ሄሎ?... ሄሎ፣ ይሰማዎታል?... አሁን እሰማዎታለሁ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ቁጥሩን ከየት አገኙት?... ፎርሙ ላይ... «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው»... «እናት፣ ጆሊን ፕራተር»... ራሱ ነው የሞላው?

— አይ፣ ተቀምጫለሁ። ይንገሩኝ... የመቺው ዱላ ወደ ኋላ ዞሮ ጭንቅላቱን... ተቀባይ ስለሆነ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ... ቆይ፣ ቆይ። ተቀባይ ነው አሉኝ?... አሰልጣኝ፣ ሮስ ግራኝ ነው። ግራኝ ተቀባይ እንደማይደረግ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም... በቀኙ?... በቀኙ ይወረውራል።

— አለሁ፣ አለሁ።

— ምን አሉኝ?... ሐኪሟ ስሙን ስትጠይቀው... ሦስት ጊዜ ጠይቃው ሦስቴም... «ትሬንት» አላት።

— ... ሰምቻለሁ።

— ሌላውንስ?... ቀኑን፣ ከተማውን፣ የጨዋታውን ውጤት ሁሉ አልሳተም፤ የገዛ ስሙን ብቻ... እና አእምሮው ተነክቷል ብላ ፈራች። ይገባኛል... ስሙን የማያውቅ ልጅ ቅዳሜ አይሰለፍም። የዘንድሮው ጨዋታ በሙሉ ሊቀርበት ይችላል... ቅዳሜ መልማዮች ይመጣሉ?... ከትልልቆቹ ቡድኖች... እሱን ሊያዩ።

— ምናልባት የቤት ስሙ ይሆናል ብለው ነው የደወሉልኝ?... እኔ «አዎ» ካልኩ ሐኪሟ ትለቀዋለች ማለት ነው...

— ምንም አይደለም ቨርን፣ ተቀመጥ... ስለ ኳስ ነው... እነግርሃለሁ እኮ!

— አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሊመታ ሲወጣ በድምፅ ማጉያ ይጠሩታል አይደል?... እንዴት አድርገው?... አይ፣ ልክ እንደሚጠሩት አድርገው ይበሉልኝ... አይፈሩ፣ ማን ይስቅብዎታል...

— ... እግዜር ይስጥልኝ... የለም፣ አላለቀስኩም። ሕዝቡስ?... ያጨበጭብለታል?... ቆሞ ነው ተቀምጦ?

— አጠገብዎ ነው ያለው?... ያቅርቡልኝ። እናትህ ናት ይበሉት። እርስዎም ከዚያ አይራቁ።

— ሄሎ።

— እንዳትዘጋው። ትሬንት፣ እንዳትዘጋው... አዎ፣ እኔ ነኝ። ራስህን ያምሃል?... ያጥወለውልሃል?... ቁጭ በልና አናግረኝ።

— ቀስ፣ ቀስ እያልክ... ከመጀመሪያው ኮሌጅ መባረርህን ሰምቻለሁ፤ እዚህ ያልሰማ የለም። ሌላ ሰው በአንተ ቦታ ማስፈተንህንም... ከዚያ በኋላ የሚቀበልህ ጠፋ... በሮስ ስም ግን ምንም ጥፋት አልተጻፈም፤ ስሙን ይዘህ ገባህ። አንድ ቀን እንኳ ለኮሌጅ ሳይጫወት ነው የሄደው።

— የሮስን መታወቂያስ ከየት አመጣኸው?... ከቦርሳው... እኔ ነኛ የሰጠሁህ። ከቀብሩ በኋላ ጫማውም ምኑም ለጓደኛው ይሁን ብዬ በገዛ እጄ። ኪሶቹን አላየሁም። እጄ አልገባ ብሎኝ ነው።

— የኛን ቁጥር ምን ብለህ ጻፍከው?... በቃልህ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው... አዎ፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ። «ሮስ አለ?» ትለኝ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ የለህ።

— አይ፣ አልተቆጣሁም። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። እዚህ ቤት ስሙን የምንጠራው በሹክሹክታ ነው፣ ትሬንት። አባቱ ቨርንማ ጭራሽ አይጠራውም። እናንተ ጋ ግን ሦስት መቶ ሰው ፊት...

— እማ በለኝ እስቲ።

— አንዴ ብቻ። እንደሱ አድርገህ... ቀስ ብለህ በለው፣ ማንም አይሰማህም።

— ሰማሁህ... አይደለም። እሱን አይደለህም... ይቅር በለኝ። ይህን ልጠይቅህ አይገባኝም ነበር።

— አውቃለሁ። «የቤት ስሙ ነው» ብል ነገሩ ያልቃል። አሁንም ምላሴ ላይ ነው ያለው። ቅዳሜ ትጫወታለህ፣ ይመለምሉሃል... ከዚያስ? በሱ ስም ታገባለህ? ልጆችህ ፕራተር ይባላሉ? እኔ ደግሞ ጋዜጣ ገልጬ ሮስ ሠላሳ ሞላው፣ ሮስ ጉልበቱን ታመመ እያልኩ ላንብብ?... አታልቅስ፣ ጭንቅላትህን ያብስብሃል።

— ስማኝ። ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ጤነኛ ነህ አሉህ። ዛሬ እውነቱን ብትናገር አመመው አሉ። እስከ መቼ ትችለዋለህ?... ሌሊት ሌሊት ይጠራሃል?... ማን፣ ሮስ?... ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?...

— ... በራሱ ስም።

— እንግዲያው እሱም አላወቀህም ማለት ነው።

— አላስገድድህም። ግን «የቤት ስሙ ነው» አልልም፤ አልችልም። ሰውዬው አጠገብህ ነው፣ አንተው ንገረው... እዚሁ ነኝ። ስልኩን ሳታስቀምጥ ንገረው።

— አልሰማሁህም፣ ጮክ በል... የአባትህንም ስም ጨምር...

— አዎ፣ አሰልጣኝ... ልክ ነው። አእምሮው ደህና ነው፤ ለሐኪሟ ይንገሯት፣ መጀመሪያም በትክክል ነው የመለሰላት... የኔውማ ከሞተ በጋ ሲገባ አራት ዓመቱ ነው። ወንዝ ነው የወሰደው... አዎ፣ ቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። አላስቻለኝም።

— የቅጣቱን ነገር እርስዎና ኮሌጁ ታውቃላችሁ። አታባርሩት አልልም። ብቻውን ግን አታሳድሩት... ቤተሰብ የለውም፤ እናቱ ጥላው ከሄደች ቆየች። እኛ እንመጣለን... አዎ፣ ሁለታችንም... ቨርን፣ መኪናውን አስነሣው። ትሬንት ጋ ነው... የትኛው ትሬንት? ስንት ትሬንት ታውቃለህ አንተ! መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።

— አሰልጣኝ... አንድ ነገር። የሮስን ስም ከተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ልትሰርዙት ነው አይደል?... ዛሬውኑ?

— እሺ። ይሰርዙት።

— ደህና ይሁኑ።