የማደንዘዣው ዋጋ

ከሚዛን ወደ አማን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ከታቀፈችው ካርቶን ውስጥ ድመት ሲጮህ፣ ከኋላችን ያሉ ሽማግሌ ጠየቋት።

“ልጄ፣ ድመቱን ወዴት ነው?”

“ላስኮላሸው ነው አባባ። ሴት ፍለጋ እየወጣ፣ በየሳምንቱ ተነካክሶ ነው የሚመጣው።”

“ስንት አሉሽ?”

“ሁለት ሺህ ብር።”

“ለድመት! እኛ አገር ጌጫ ስንቱን ወይፈን በእንጨት ቀጥቅጠን ስናኮላሽ አምስት ሳንቲም አናወጣም።”

“ብሩን የሚበላው ማደንዘዣው ነው አሉኝ።”

“ማደንዘዣው ምን ያደርግለታል?”

“እንዳያመው ነዋ!”

ሽማግሌው እንደገና የተናገሩት አንድ ድልድይ ካለፍን በኋላ ነው።

“አንድ ዳለቻ ወይፈን ነበረኝ። ከእጄ ላይ ጨው ይልስ ነበር።”

“እሺ፣ አባባ?”

“ካኮላሸሁት በኋላ ግን ጨው ይዤ ብጠራው አይመጣም። እስክሸጠው ድረስ አልመጣም።”

“አይዘኑ አባባ፣ ያኔ ማደንዘዣ ከየት ይመጣል?”

“እሱስ ይሁን ልጄ። እኔ ግን ለምን እንደሸሸኝ ዛሬ ነው የገባኝ።”

ድመቱ በካርቶኑ ቀዳዳ እያየኝ ነበር፤ እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።