ማይክ ይዞ ያለቀሰው

በኮሮናው ጊዜ፣ በስደት አገር፣ ከሂልብሮው ወደ ፎርድስበርግ በምንሄድበት ታክሲ፣ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሰዎች ያወራሉ፤ ስልኩን የሚያነብ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። ቅኝ ገዢዎች አፍሪካን ዘረፉ ብሎ ይጽፍ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ተመርጦ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ።»

«ዝርፊያውን አስቆመ?»

«አስፋፋው እንጂ።»

«የኛ ሰፈሩ ጋዜጠኛስ በምን ተሻለ? ስፓዛዬ፣ ያ የሰፈር ሱቄ፣ ሲዘረፍ ማይክ ይዞ መጣና አብሮኝ አለቀሰ። ተመርጦ የሰፈሩ ካውንስለር ሲሆን፣ በሎክዳውኑ የውጭ ሰው አይሸጥም ብሎ ያንኑ ሱቅ አሸገው።»

«ያኔ አብሮዎት ማልቀሱን አልነገሩትም?»

«ነገርኩት። የት ነው የማውቅህ አለኝ።»

«የት አሉት?»

«የምርጫ ፖስተርህ ላይ አልኩት። ያውልህ ልጄ፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ያቀፈው ሰውዬ እኔ ነኝ።»

የትራፊክ መብራት ይዞን ስለነበር ፖስተሩ ላይ ከተቃቀፉት ከሁለቱ ፊት በታች የተጻፈውን «ከተዘረፉት ጎን ነኝ» ፊደል በፊደል አነበብኩና ሳቄ እንዳይታይ ማስኬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።